የባቡር ሠራተኛ የነበሩ አያትን ከአሮጌ ፎቶ መፈለግ፦ ከደሴ ሣጥን እስከ ድሬዳዋ መዝገብ

ሣጥን ውስጥ ፎቶ አለ፤ ከባቡር አጠገብ የቆመ ሰው። «አያትህ ናቸው፤ ባቡር ላይ ነበሩ» ተብሏል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጨለማ ነው። ብዙ ሰው ፊቱን እያሳየ «ይህ ማን ነው?» ብሎ ይጀምራል። አምስት ዘመድ አምስት ስም ይሰጠዋል፤ ስም ደግሞ አንዴ ከተነገረ አይነቀልም። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፦ መጀመሪያ የወረቀቱ ጀርባ፣ ቀጥሎ ዘመኑ፣ ቀጥሎ ቦታው፣ ሰውዬው በመጨረሻ።

ሣጥኑን ሳትከፍቱ፦ የትኛው ባቡር?

በወሎ በድሮው አነጋገር «ባቡር» ብዙ ነገር ነው። እህል የሚፈጨው የሞተር ወፍጮ ባቡር ይባላል። መኪና የሚሄድበት መንገድም «ባቡር መንገድ» ነው። ስለዚህ «ባቡር ላይ ይሠሩ ነበር» የተባሉት ሰው የወፍጮ ሞተር የሚያስነሡ፣ ወይም በጣሊያን ጊዜ የአሰብ መንገድ ሲሠራ ድንጋይ የፈለጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ፍለጋው ከሚከሽፍባቸው ምክንያቶች ትልቁ ይህ ነው፤ ሰው ድሬዳዋ ድረስ ሄዶ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ስም ይፈልጋል። ለሦስት ጥያቄ መልስ ያዙ።

1. ከቤት ሲወጡ ወዴት ብለው ሄዱ? ድሬዳዋ፣ አዋሽ፣ ሞጆ፣ ናዝሬት ወይም ጅቡቲ ከተባለ ምድር ባቡር የመሆኑ ዕድል ከፍ ይላል። አስመራ ወይም ምጽዋ ከተባለ የኤርትራው መስመር ነው። አሰብ ከተባለ ወደቡን ወይም መንገዱን አስቡ፤ አሰብን ከመሀል አገር የሚያገናኝ ሐዲድ ተዘርግቶ አያውቅም።
2. ቤት ውስጥ «ሽመንደፈር»፣ «ለገሀር»፣ «ፉርጎ»፣ «ሊቶሪና» የሚሉ ቃላት ይወሩ ነበር? እነዚህ የሐዲድ ሰው ቃላት ናቸው።
3. ከሞቱ በኋላ ለሚስታቸው ጡረታ ይከፈል ነበር? ከነበረ ደብተሩ በአያታችሁ ሳይሆን በሴት አያታችሁ ስም ነው የሚገኘው።

አንድ ነገር ደግሞ ከወዲሁ ይታወቅ። በአሮጌው ዘመን ደሴም ኮምቦልቻም ባቡር ገብቶባቸው አያውቅም። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው ሐዲድ ሥራው የተጀመረው በ2000ዎቹ ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ደሴ ሣጥን ውስጥ የተገኘ የባቡር ፎቶ ሌላ ቦታ ተነሥቶ የመጣ ነው። ከበስተጀርባው ያለውን ተራራ ጦሳ ነው ብላችሁ አትድከሙ። በሰው እጅ የሚገፋ ትንሽ የድንጋይ ጋሪና ቀጭን ሐዲድ ከታየ ደግሞ የግንባታ ወይም የድንጋይ ካባ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ እሱን ከባቡር አትቁጠሩት።

ደረጃ 1፦ ዕቃውንና ጊዜውን ማዘጋጀት

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ያልተነካ ለስላሳ የመኳኳያ ብሩሽ፣ የሐኪም ጓንት፣ የእጅ ባትሪ፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ ማስመሪያ፣ ለስላሳ እርሳስ፣ ደብተር፣ ነጭ የወረቀት ፖስታዎች። ነጋዴዎች ፎርጅድ ብር የሚለዩበትን ሐምራዊ መብራት ለግማሽ ቀን ተዋሱ፤ ደረጃ 4 ላይ ይጠቅማል።

አይቅረቡ፦ ስኮች፣ ላጲስ፣ እስክሪብቶ፣ አልኮል፣ እርጥብ ጨርቅ። ምራቅም ጭምር። ብዙ ፎቶ የተበላሸው ፊቱ ላይ ያለውን ነጥብ በምራቅ በጠረገ አውራ ጣት ነው።

ጊዜ ምረጡ። የፎቶው ገጽ ጄላቲን ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ይጣበቃል፣ ሻጋታም ይበላዋል። ደሴ ብርድና ጉም ያለበት ከተማ ስለሆነ ሐምሌና ነሐሴ ሣጥን አትክፈቱ። ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ያለው ጥሩ ነው። ሣጥኑ ከቀዝቃዛ ክፍል ከመጣ እንደተዘጋ በምትሠሩበት ክፍል 24 ሰዓት ይደር፤ ወዲያው ከተከፈተ የቀዘቀዘው ወረቀት ላይ ጤዛ ይቋጥራል። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ብትርቅም 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለችና ሞቃት ናት፤ እዚያ ችግሩ የቆርቆሮው ሙቀት ነው፤ ወረቀቱ ይጠቀለላል፣ ገጹ ይሰነጠቃል። የተጠቀለለውን በእጅ አትዘርጉ። ለሁለት ቀን ደረቅ ሙቀት በሌለበት ክፍል አቆዩት፤ ከዚያ በሁለት ነጭ ወረቀት መካከል አድርጋችሁ ቀላል መጽሐፍ ጫኑበት።

ደረጃ 2፦ ፎቶውን ከተቀመጠበት ማውጣት

1. ከማንሣታችሁ በፊት ሣጥኑን ወይም አልበሙን እንዳለ በስልክ አንሡት። የትኛው ፎቶ ከየትኛው ጋር እንደነበረ ራሱ መረጃ ነው፤ አብረው የታሰሩ ፎቶዎች ብዙ ጊዜ ከአንድ ዘመንና ከአንድ ሰው እጅ የመጡ ናቸው።
2. አቧራውን ከመሀል ወደ ዳር በብሩሽ ጥረጉ። ሻጋታ ካለ ውጭ፣ አፍና አፍንጫ ሸፍናችሁ፣ መጀመሪያ አድርቃችሁ ከዚያ ጥረጉ። እርጥብ ሻጋታ ሲጠረግ ይቀባል እንጂ አይለቅም።
3. ከግድግዳ ፍሬም የሚወጣውን በጀርባው በኩል ክፈቱ፤ መስታወቱን ወደ ታች አድርጉ።

መስታወት ላይ ከተጣበቀ፦ አታላቁት። ጄላቲኑ ከወረቀቱ ይልቅ መስታወቱን ወድዶታል፤ ስትጎትቱ ፊቱ መስታወት ላይ ይቀራል። ከነመስታወቱ ስካን አድርጉት። መስታወቱ ከተሰበረም ቁርጥራጮቹን ሳታላቅቁ በካርቶን ላይ አስተኝታችሁ ቅዱት።

የሚጣበቅ ፕላስቲክ ገጽ ባለው አልበም ውስጥ ከሆነ፦ ቀጭን የሐር ክር ወይም የጥርስ ክር ከፎቶው ጥግ በታች አስገብታችሁ እንደ መጋዝ ግራና ቀኝ እያደረጋችሁ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ክሩ ከቆመ አቁሙ፤ ገጹን ዙሪያውን ቆርጣችሁ ከነድጋፉ ያዙት። በእንፋሎት ማስለቀቅ የሚባለውን ምክር ከሰማችሁ እርሱት።

ደረጃ 3፦ ቁጥር መስጠትና ኮፒ ማድረግ

ለእያንዳንዱ ፎቶ ቁጥር ስጡ፦ ደ001፣ ደ002። ቁጥሩን ፖስታው ላይ ጻፉ። ከዚያ ፊቱንም ጀርባውንም ቅዱ፤ «ደ001 ፊት»፣ «ደ001 ጀርባ» ብላችሁ አስቀምጡ። ጀርባው ባዶ ቢመስልም ቅዱት።

በስካነር ከሆነ 9 በ13 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ፎቶ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚቀዱ ነጥቦች ብዛት) ይበቃል። 3 በ4 ለሆነ ጉርድ ፎቶ 1200 አድርጉ፤ ያኔ 1417 በ1890 ፒክሰል ያህል ታገኛላችሁ፤ የኮፍያ ምልክት ለማጉላት የሚያስችለው ይህ ነው። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ቢሆንም በቀለም ቅዱ፤ የማህተም ሰማያዊና የወረቀት ቢጫነት የሚታየው በቀለም ነው። «አሳምር» የሚለውን የማሽኑን ምርጫ አጥፉ። ዋናውን በቲፍ፣ ለመላላኪያ የሚሆነውን በጄፔግ አስቀምጡ።

ስካነር ከሌለ ስልክ ይሠራል። ፎቶውን በጥቁር ጨርቅ ላይ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት መስኮት አጠገብ አስተኙ። ፍላሽ አጥፉ። ስልኩን በሁለት የመጽሐፍ ቁልል ላይ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ሁለት እጥፍ አጉልታችሁ አንሡ፤ በጣም ቀርቦ ማንሣት ጠርዞቹን ያጎብጣል። ገጹ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ስልኩን ቀዳዳ ባለው ጥቁር ጨርቅ ጋርዱት።

በቴሌግራም ስትልኩ «ፎቶ» ብላችሁ ሳይሆን «ፋይል» ብላችሁ ላኩ። አለበለዚያ መተግበሪያው ያሳንሰዋል፤ ድሬዳዋ ያለው ዘመዳችሁ ጽሑፉን ማንበብ አይችልም፤ ጥፋቱንም በዓይኑ ላይ ያደርጋል።

ደረጃ 4፦ ጀርባውን ማንበብ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ከፊቱ ይልቅ ጀርባው ይናገራል።

1. ክፍሉን አጨልሙ፤ ባትሪውን ከጎን፣ ከወረቀቱ ጋር ሊነካካ በቀረበ አንግል አብሩ። የጠፋ የእርሳስ ጽሑፍ ጥሎት የሄደው ጉድጓድና ቀለም የሌለው የፎቶ ቤት ማህተም በጥላ ይወጣሉ። ባትሪውን በአራቱም ጎን አዙሩ፤ አንዱ ያላሳየውን ሌላው ያሳያል። ፊቱንም እንዲሁ አድርጉ፤ ቀለም አልባ ማህተም ብዙ ጊዜ በታች ቀኝ ጥግ ነው።
2. የወረቀቱን ፋብሪካ ስም ፈልጉ። «ፌራኒያ» የጣሊያን ወረቀት ነው። «ጌቨርት» ብቻውን ከሆነና «አግፋ-ጌቨርት» ከሆነ ይለያያል፤ ሁለቱ የተዋሐዱት በ1964 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ጥምር ስም ያለበት ወረቀት ከ1956 ዓ.ም. መጨረሻ በፊት ሊሆን አይችልም።
3. ሐምራዊውን መብራት ጀርባው ላይ አብሩ። ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ከበራ ወረቀቱ ማንጫ ተጨምሮበታል፤ ያ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣ ነው። ካልበራ አሮጌ ሊሆን ይችላል፤ ግን ማስረጃ አይሆንም።
4. ጀርባው ፕላስቲክ የሚመስልና እርሳስ የማይዝ ከሆነ ከ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣ ወረቀት ነው።
5. ጀርባው እንደ ፖስት ካርድ መሀሉ ላይ መስመር ካለው አትደናገጡ። ፎቶ ቤቶች የቤተሰብ ፎቶም በፖስት ካርድ ወረቀት ያትሙ ነበር።

ነገር ግን ፊቱ ላይ በማተሚያ ቤት ፊደል የፈረንሳይኛ መግለጫ ካለ፣ በማጉያም ስታዩት ሥዕሉ ከጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ከሆነ፣ ያ ለገበያ የታተመ ፖስት ካርድ ነው። ከባቡሩ አጠገብ የቆመው ሰው አያታችሁ አይደሉም፤ አያታችሁ ካርዱን የገዙት ናቸው። ይህን መቀበል የሚከብደው ሰው ብዙ ነው። ጀርባው ላይ የተጻፈ አድራሻ ካለ ግን ካርዱ ከፎቶው በላይ ዋጋ አለው።

ወጥመዱ፦ ወረቀቱ የሚነግራችሁ የታተመበትን ዘመን ነው። ድሮ የተነሣ ጉርድ ፎቶ ከዓመታት በኋላ ፎቶ ቤት ተወስዶ፣ ዳግም ተነሥቶ፣ ጎልቶ፣ አንዳንዴም ቀለም ተቀብቶ ይታጠብ ነበር። ፊቱ ደብዘዝ ካለ፣ በሥዕሉ ውስጥ የሌላ ፎቶ ጠርዝ ወይም የሚስማር ቀዳዳ ከታየ፣ በጣትም ስትዳስሱት ቀዳዳ ከሌለ፣ በእጃችሁ ያለው የኮፒ ኮፒ ነው። ዋናውን ፍለጋ ወደ አክስቶች ቤት ሂዱ።

ደረጃ 5፦ ቀኑን መቀየር

የወሎ ሣጥን ውስጥ አራት ዓይነት የቀን አጻጻፍ ይገኛል። የተጻፈውን እንዳለ ቅዱ፤ ከጎኑ ደግሞ የቀየራችሁትን ጻፉ። የመጀመሪያውን ሰርዛችሁ አትተኩ።

የኢትዮጵያ ዘመን፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ 7 ደምሩ፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ደምሩ። ወር ካልተጻፈ አንድ ዓመት ብቻ አትምረጡ፤ 1952 ዓ.ም. ማለት ከመስከረም 1959 እስከ መስከረም 1960 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለቱንም ያዙ።

የግዕዝ ቁጥር፦ ፲፱፻፵፰ ማለት 19 መቶ፣ 40፣ 8 ነው፤ 1948። ፮ እና ፯ በደበዘዘ ቀለም ይመሳሰላሉ። ካልለያችሁ «6 ወይም 7» ብላችሁ ጻፉ።

ሒጅራ፦ በ0.97 አባዙና 622 ደምሩ። 1375 ሲሆን 1333.75 ይሆናል፤ ሲደመር 1955.75፤ ማለትም በ1955 እ.ኤ.አ. ሁለተኛ አጋማሽና በ1956 መጀመሪያ ግማሽ አካባቢ። በዐረብኛ አጻጻፍ ክብ የሚመስለው አምስት ነው፤ ዜሮ ነጥብ ናት። 1375ን 1370 ብሎ የሚያነብ ሰው አምስት ዓመት ይስታል።

የፋሺስት ዘመን፦ በጣሊያን ጊዜ ከቀኑ በኋላ የሮማ ቁጥር ይጨመር ነበር። ቁጥሩ ላይ 1921 ደምሩ፤ የዓመቱ መነሻ ኦክቶበር 28 ቀን እ.ኤ.አ. ይወጣል። 15 ከሆነ ከኦክቶበር 28 ቀን 1936 እስከ ኦክቶበር 27 ቀን 1937 ነው።

ደረጃ 6፦ መስመሩንና ቦታውን መለየት

ሰውዬውን በወረቀት ሸፍኑትና የቀረውን እዩ። ዓይን ፊት ላይ ሲተከል ፉርጎ ላይ የተጻፈው አይታይም።

በፉርጎው ወይም በሞተሩ ጎን ሦስት የላቲን ፊደላት ፈልጉ። የመሀሉ ፊደል ኤፍ ከሆነ የፍራንኮ-ኢትዮጵያ ኩባንያ ዘመን ነው። ዲ ከሆነ ኩባንያው የጅቡቲና የኢትዮጵያ ከሆነበት ከ1981 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። አሮጌ ፉርጎ ቀለሙ ሳይቀየር ዓመታት ሊሄድ ስለሚችል ኤፍ «ከ1981 በፊት» ብሎ አይምልም፤ ዲ ግን «ከ1981 በፊት አይደለም» ይላል።

ሞተሩ የሚጨስ የእንፋሎት ነው ወይስ ናፍጣ? በዚህ መስመር ናፍጣ ባቡር የገባው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። እንደ አውቶቡስ ያለ፣ ሞተሩ በውስጡ የሆነ አንድ ተሽከርካሪ ከሆነ ሊቶሪና ነው፤ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ወዲህ አስቡት።

ሐዲዱ መቼ የት እንደደረሰ ማወቅም ወሰን ይሰጣል። ድሬዳዋ በ1902 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ አዲስ አበባ በ1917 ገባ። «አዲስ አበባ ለገሀር፣ 1905 ዓ.ም.» የሚል ጽሑፍ ካገኛችሁ ወይ ቦታው ወይ ዓመቱ ስሕተት ነው። የአዲስ አበባው የድንጋይ ጣቢያ የተመረቀው ኅዳር 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ስለሆነ ሕንጻው ከታየ ፎቶው ከዚያ አይቀድምም። አካባቢው ላይ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት መኖር አለመኖሩንም እዩ፦ በ1930 እ.ኤ.አ. ተተከለ፣ ጣሊያኖች ወደ ሮም ወሰዱት፣ በ1960ዎቹ ተመለሰ።

ባንዲራ ካለ አጉሉት። አንበሳው ዘውድ ከጫነ የንጉሡ ዘመን ነው። መሀሉ ላይ ሰማያዊ ክብ ካለ ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ ነው።

ተራራ ላይ የሚጠማዘዝ፣ በድንጋይ ቅስት ድልድዮች የሚያልፍ ሐዲድና የጣሊያንኛ ጽሑፍ ከታየ የምጽዋና አስመራን መስመር ጠርጥሩ፤ እሱ አስመራ የገባው በ1911 እ.ኤ.አ. ነው። ግራር ያለበት ሜዳና የፈረንሳይኛ ሰሌዳ ወደ ጅቡቲው መስመር ይጠቁማል። የሐዲዱን ስፋት ከፎቶ ለመለካት አትሞክሩ፤ አንዱ 1000 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው 950 ነው፤ በዓይን አይለይም።

የጣቢያውን ስም ስታነቡ ናዝሬትና አዳማ፣ ደብረ ዘይትና ቢሾፍቱ አንድ ቦታ መሆናቸውን ያዙ። በሁለቱም ስም ፈልጉ።

ደረጃ 7፦ ልብሱንና እጁን ማየት

ኮት፣ ክራቫትና የእጅ ሰዓት ሥራ አይናገሩም። ፎቶ ቤቶች ለደንበኛ ያውሱ ነበር፤ ሁለት የተለያዩ ሰዎች አንድ ኮት ለብሰው ካያችሁ ኮቱ የፎቶ ቤቱ ነው። ኮፍያና የነሐስ ቁልፍም ብቻቸውን አይበቁም፤ ፖሊስም ፖስታ ቤትም ወደብም ነበራቸው። በእጁ የያዘውን እዩ። ቀይና አረንጓዴ ባንዲራ ወይም ፋኖስ የያዘ ከባቡር እንቅስቃሴ ጋር የሚሠራ ነው። ረጅም አፍ ያለው የዘይት ጣሳ የሞተር ሰው ያደርገዋል። ዶማና መፍቻ የያዙ ብዙ ሰዎች ሐዲድ ላይ ከቆሙ የመስመር ጥገና ቡድን ነው፤ እነሱ ከከተማ ርቀው በየጣቢያው ስለሚኖሩ መዝገባቸውን በጣቢያ ስም ፈልጉ።

ደረጃ 8፦ አሁን ሽማግሌ መጠየቅ

ስልክ አታሳዩ። ፎቶውን በኤ4 ወረቀት አጉልታችሁ አትሙ፤ የ80 ዓመት ዓይን ስክሪን ላይ ፊት አይለይም። ከጉዳዩ ጋር የማይገናኙ ሦስት ፎቶዎች ጨምሩበት፤ አራቱንም «አያትህ ናቸው» ያሉ እንደሆነ መልሱን በዚያው ልክ መዝኑት።

ቡና ሲፈላ ሂዱ። አቦሉ ለወሬ ነው፤ ፎቶውን ቶና ላይ አውጡ፤ እስከ በረካ ጊዜ አላችሁ። «እማማ፣ ይህ ማን ነው?» አትበሉ። እንዲህ ጠይቁ፦ «ይህ ቤት የት ያለ ይመስልዎታል?» «ይህን ፎቶ ማን አመጣው?» «ያኔ ደሴ ሲመጡ በምን ነበር የሚመጡት፣ ማን ቤት ያርፉ ነበር?» «ባልደረባቸው የነበረ የወሎ ሰው ነበር?» የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ይሰጣል፤ የአገር ልጅ የአገር ልጁን ሥራ ያስገባ ነበርና በፎቶው ውስጥ ያሉት ሌሎች ሰዎች ልጆች ዛሬም ሆጤ ወይም ቧንቧ ውሃ በሚባሉት የደሴ ሰፈሮች ሊኖሩ ይችላሉ።

ሁለት ሽማግሌ ለየብቻ ጠይቁ። አንድ ላይ ከተቀመጡ ታናሹ ታላቁን አይቃረንም፤ እናንተም ሁለት ምስክር ያገኛችሁ ይመስላችኋል።

ድምፅ ለመቅዳት አስፈቅዱ። አልፈቅድም ካሉ ከቤቱ እንደወጣችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ጻፉ። የቅሬ (የወሎ ዕድር) መዝገብ ያለው ሰው ማን እንደሆነም ጠይቁ፤ የድሮ አባላት ስም ከነአባት ስም የሚገኝበት ሰነድ እሱ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በደሴም በኮምቦልቻም ብዙ ቢሮ ስለተዘረፈ በግለሰብ ቤት የተቀመጠ ደብተር ዋጋው ጨምሯል።

ደረጃ 9፦ ስሙን በሁሉም አጻጻፍ ማዘጋጀት

መዝገብ ቤት ሄዶ «የለም» ተብሎ የሚመለስ ሰው ብዙ ጊዜ ስሙ ሳይኖር ቀርቶ ሳይሆን በሌላ ፊደል ተጽፎ ነው። የምድር ባቡሩ ወረቀት በፈረንሳይኛ ነበር።

1. ሲ እና ኤች ተከታትለው ሲመጡ ፈረንሳይኛ «ሽ» ይላቸዋል፤ ጣሊያንኛ «ክ»፤ እንግሊዝኛ የለመደ አንባቢ ደግሞ «ች»። ስለዚህ ሽፈራው በፈረንሳይኛ መዝገብ «ቸፈራው» መስሎ ይታያል፤ ከበደ በጣሊያንኛ ወረቀት «ቸበደ» ይመስላል። ፈረንሳዮች «ች»ን ቲ-ሲ-ኤች፣ «ጅ»ን ዲ-ጄ፣ «ኡ»ን ኦ-ዩ አድርገው ይጽፋሉ።
2. የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሊወሰድ ይችላል። ሰይድ አሊን በ«ሰ»ም በ«አ»ም ፈልጉ።
3. በወሎ በአንድ ቤት እስላምም ክርስቲያንም ይኖራል፤ ስም የቀየረም አለ። የልጅነት ስም፣ የክርስትና ስም፣ የቤት ስም፣ የቅጽል ስም ሁሉንም ዘርዝሩ። ሥራ ሲቀጠሩ የሰጡት ስም ደሴ ከሚጠሩበት ሊለይ ይችላል።
4. የሠራተኛ ቁጥር ከተገኘ (ከካርኔ፣ ከደመወዝ ወረቀት፣ ከምስክር ወረቀት) ከስም ሁሉ ይበልጣል፤ ቁጥር ፊደል አይስትም።

ደረጃ 10፦ መዝገብ ቤት መሄድ

ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጁ፦ ስም እስከ አያት ከነሁሉም አጻጻፉ፣ የሥራ ዓይነት፣ ጣቢያ፣ የዓመት ክልል በሁለቱም አቆጣጠር፣ የፎቶው ኮፒ ፊትና ጀርባ። ዋናው ፎቶ ከቤት አይውጣ። መታወቂያና ከቀበሌ የዝምድና ማስረጃ ወይም የድጋፍ ደብዳቤ ያዙ።

የት፦ ድሬዳዋ የአሮጌው ኩባንያ ቢሮዎችና የጥገና ጋራዥ የነበሩበት ስለሆነ የመጀመሪያው ነው። «ስለ አያቴ ያለውን ሁሉ» አትበሉ፤ እንዲህ የሚል ሰው ወደ ጥግ ወንበር ይላካል። «ከ1945 እስከ 1955 ዓ.ም. በአዋሽ ጣቢያ የሠሩ ሰው የሠራተኛ ካርድ» በሉ። አዲስ አበባ ላይ ወመዘክርና፣ በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የፎቶ ክምችት አሉ፤ ከእነዚህ ስም ሳይሆን ቦታ ለማመሳሰል የሚሆን ፎቶ ፈልጉ። ለጣሊያን ዘመን ሉቼ የተባለው የጣሊያን መንግሥት የፊልምና የፎቶ ተቋም ማኅደር በኢንተርኔት ይታያል፤ «ደሴ»ን በጣሊያንኛ አጻጻፍ በሁለት ኤስ ጻፉ። ጅቡቲ ለሠሩ ደግሞ ፈረንሳይ ኤክስ-አን-ፕሮቫንስ የሚገኘው የባሕር ማዶ መዛግብት፣ በአዲስ አበባ የነበረውን የፈረንሳይ ሌጋሲዮን (የድሮ ኤምባሲ) ወረቀት ለሚፈልግ ናንት ያለው የዲፕሎማሲ መዝገብ አለ። ለሁለቱም በፈረንሳይኛ አጭር ደብዳቤ ላኩ፤ ተርጓሚ ካላገኛችሁ የፈረንሳይኛ መምህር ፈልጉ።

«የለም» ከተባለ፦ በየትኛው አጻጻፍ፣ በየትኛው ዓመት እንደተፈለገ ጠይቃችሁ ጻፉ። ከዚያ ሁለተኛውን አጻጻፍ ስጡ። ሦስተኛውንም። የዓመቱን ክልል በሁለቱም በኩል 8 ዓመት አስፉ፤ የዘመን አቆጣጠሩ ሳይቀየር የቀረ ከሆነ ስሕተቱ እዚያ ውስጥ ይወድቃል። ያም ካልሆነ በፎቶው ውስጥ ከጎናቸው የቆመውን ባልደረባ ስም ስጡ፤ ቡድኑ ከተገኘ አያታችሁም ከእነሱ ጋር ሊገኙ ይችላሉ።

የተገኘውን ሁሉ ፎቶው ባለበት ፖስታ ላይ በእርሳስ ጻፉ፦ ማን እንዳለ፣ መቼ እንዳለ፣ ከየትኛው መዝገብ እንደተገኘ። ያልተረጋገጠው ፊት «ምናልባት» የሚል ቃል ይቅደመው። ከዚያ ፖስታውን በፌስታል ሳይሆን በካርቶን ሣጥን፣ ከወለሉ ከፍ፣ ከቆርቆሮው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ከአዲስ ጫማ ሣጥን የሚወጣውን እርጥበት መጣጭ ከረጢትም ጨምሩበት፤ በየክረምቱ መግቢያ ቀይሩት።